የሚቀረፈውና የማይቀረፈው

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። መምህሯ የመሬትን ውስጣዊ ክፍል ሥላችሁ ኑ ብለዋቸዋል። አንዱን ክብ በሌላው ውስጥ ሠርታ፣ ዳር ላይ ያለውን ቀጭን ክብ በቡናማ እየቀባች፣ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ የመሬት ቅርፊት ከተባለ ይቀረፋል ማለት ነው?» አለችኝ። ዝም ስላት ደግሞ «ማነው የሚቀርፈው?»

«እሱን መምህርሽን ጠይቂ» ብዬ ሸኘኋት። እውነቱን ለመናገር መልሱ ወዲያው አልመጣልኝም ነበር። የዛሬው ዝግጅታችን የዚያች ልጅ ዕዳ ነው።

«ቅርፊት» የተወለደው «ቀረፈ» ከሚለው ግስ ነው። ቀረፈ ማለት ላጠ፣ ከላይ ያለውን ገፎ አነሣ ማለት ነው። ዛሬ ግሱን ለዛፍ የምንጠቀምበት ሰዎች ጥቂት ነን፤ ቢሮዎች ወስደውታል። «የውኃ እጥረቱን ችግር ለመቅረፍ እየተሠራ ነው» ሲባል በየቀኑ እንሰማለን። ችግሩ እንደ ልጥ ከላያችን ይገፈፋል ማለት ነው። ከሥሩ ይነቀላል እንዳልተባለ ልብ በሉ።

ስሙ ግን ከግሱ ይልቅ ብዙ ቤት ገብቷል። እንቁላል ቅርፊት አለው። ቁስል ሊድን ሲል ቅርፊት ይይዛል። ዓሣም ቅርፊት አለው፤ በኦሪት ሕግ የሚበላውና የማይበላው ዓሣ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ እሱ ስለሆነ፣ ቅርፊት የሌለው አምባዛ እስከ ዛሬ ከብዙ ሰው ማዕድ አይቀርብም። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቀረፋም የዚሁ ዘመድ ነው። በዓረብኛም «ቀረፈ» መላጥ ነው፤ «ቂርፋ» ደግሞ ያ ጣፋጭ መዓዛ ያለው ቅመም። ቀረፋ የዛፍ ውስጠኛ ቅርፊት ተልጦ፣ ሲደርቅ ራሱን የጠቀለለ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሬዲዮውን ይዞ ደጅ መውጣት የሚችል ካለ፣ አውራ ጣት የሚያህል እርጥብ ቅርንጫፍ ይፈልግና በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ያድርገው። መጀመሪያ የሚነሣው ደረቅና ቡናማ ነገር ነው፤ ይፈረፈራል። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ይመጣል። ጥቂት ገፋ ሲያደርጉት ጥፍር ያዳልጣል፣ ሳሙና የነካ ይመስል። ከዚያ ወዲያ ነጭ እንጨት ነው፤ ጥፍር አይበሳውም። በዕፅዋት ሳይንስ ቅርፊት የሚባለው ከዚያች ከምታዳልጠው ቦታ ወደ ውጭ ያለው በሙሉ ነው። ደረቁም፣ እርጥቡም፤ የሞተውም፣ ያልሞተውም።

የምታዳልጠዋ ቦታ ካምቢየም ትባላለች። በዓይን አትታይም፤ ጥቂት ረድፍ ሕዋሳት ብቻ ናት። ግን ዛፉ የሚወፍረው በእሷ ነው፤ ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ቅርፊት እየወለደች። ክረምት ላይ ዛፉ ውኃ ሲጠግብ ሕዋሶቿ በፍጥነት ይራባሉ፤ ግድግዳቸውም ገና ስስ ነው፤ ሲጎተቱ ይቀደዳሉ። እረኛ ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቃል። ነሐሴ ላይ ልጥ አንዴ ጫፉን ከያዙት እየተንሸራተተ ይመጣል። ጥር ላይ ግን እንጨቱ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ቢላ ይዘውም አይሆን።

ነሐሴ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለቡሄ ጅራፍ የሚገመደው በዚያ ወር ነው። የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ለጅራፌ ልጥ ፈልጌ የአያቴን ግራር አየሁ፤ ከማሳው ዳር የቆመ፣ ገና ጭኔን የሚያህል። ከታች ዙሪያውን በቢላ ቆረጥኩት፣ ከላይም ዙሪያውን፣ መሐሉን ገፈፍኩት። እንደ ካልሲ ወለቀ። ጅራፉ ግሩም ነበር፤ ሲጮህ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር።

አያቴ ያዩት መስከረም ላይ ነው። ዛፉ ለምለም ነበር፣ ቅጠሉ አንድም አልረገፈም። ወገቡ ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት በመዳፋቸው እየዳሰሱ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ዛፍ ሞቷል» አሉኝ። «ኧረ አረንጓዴ ነው አባባ» ብል፣ «ገና አልሰማም እንጂ» አሉ።

የአያቴን ነገር ሳይንስ እንዲህ ይፈታዋል። ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ነው፤ እኔ እንጨቱን አልነካሁም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ውኃ አላጣም። ቅጠል በፀሐይ ያበሰለው ስኳር ግን ወደ ሥር የሚወርደው በእርጥቡ ቅርፊት፣ ፍሎየም በሚባለው በኩል ነው። እኔ የቆረጥኩት ያንን መንገድ ነበር። ሥሩ ያጠራቀመውን እየበላ ቆየ፤ ሲጨርስ ተራበ፤ የተራበ ሥር ውኃ መሳብ ተወ። ያን ጊዜ ዜናው ቅጠሉ ዘንድ ደረሰ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ ሆነ ብሎ ዛፍ በቀለበት ልጦ፣ ከቀለበቱ በላይ ያለው ግንድ እንዳበጠ አይቷል። የሚወርደው ምግብ መንገዱ ሲቋረጥበት እዚያው ተከማችቶ ነው።

«ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» እንላለን፣ ሞቱ ለተቆረጠ ሰው። ልጥ ሲደርቅ ይሰበራል፣ ለማሰሪያ የሚሆነው ሲርስ ነው፤ ልጡ ከተዘፈዘፈ ለቀብር የቀረ ነገር የለም ማለት ነው። ያ ግራር ልጡም ሌላ ቦታ ተርሶ ነበር፣ ጅራፌ ውስጥ። በዓመቱ ተቆርጦ ማገዶ ሆነ።

ታዲያ ቅርፊት የተላጠ ሁሉ ይሞታል? አይሞትም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ፖርቱጋል ውስጥ ቡሽ የሚሰጥ የኦክ ዛፍ አለ፤ የዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ ከዚያ አገር ይወጣል። ዛፉን በየ9 ዓመቱ ወገቡ ድረስ ይገፍፉታል፤ ቀይ ገላው ይታያል፤ አይሞትም። ሠራተኛው በመጥረቢያ የሚያነሣው ደረቁን፣ የሞተውን ውጫዊ ቅርፊት ብቻ ነው። እርጥቡን ከነካው አለቀ። መጥረቢያውን ስንት ጣት ማስገባት እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ብዙ ዓመት የሠለጠነ ነው። እኛም ዘንድ በመተማና በትግራይ ቆላ የዕጣን ዛፍ ሲደማ ቅርፊቱ የሚነሣው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ሙጫው ያለው በውስጠኛው ቅርፊት ቧንቧዎች ስለሆነ። ዙሪያውን አይኬድበትም። የአያቴን ግራር ያጋጠመው ያጋጥመዋላ።

ቅርፊትን እያነሣን ኪኒንን መዝለል አይገባም። የወባ መድኃኒቱ ኪኒን በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት የሚገኝ ነው፤ ሁለት ፈረንሳውያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ነጥለው አወጡት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ የአገሬው የኬቹዋ ቋንቋ ቅርፊትን ከሚጠራበት ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ ለራስ ምታትም ለጨጓራም የምንውጠውን ሁሉ «ኪኒን» ስንል፣ ሳናውቀው «ቅርፊት» እያልን ነው።

(አጭር ዜማ)

ወደ ድንጋዩ የሚያሻግረን አንድ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቡሽን ቀጭን አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ እንዳየ ይናገራል። ያየው እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ባዶ ክፍሎች ነበር፤ የመነኩሴ ክፍል በሚጠራበት ቃል ሰየማቸው። ዛሬ እኛ ሕዋስ የምንለውን ዓለም የሚጠራበት ስም ከዚያ ቀረ። የመጀመሪያው ሕዋስ የታየው በሞተ ቅርፊት ላይ ነው ማለት ነው። ይኸው ሰው ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ለዓመታት ንግግር አድርጓል፤ ተራራ ላይ የሚገኙ የባሕር ዛጎሎች የእውነት ፍጡራን እንደነበሩና የባሕር ወለል በመንቀጥቀጥ ወደ ላይ እንደተነሣ ይሟገት ነበር። የዛፍ ቅርፊትና የመሬት ቅርፊት በአንድ ራስ ውስጥ!

ወደ እህቴ ልጅ ሥዕል እንመለስ። ትምህርት ቤት ውስጥ የተለመደው ምሳሌ እንቁላል ነው፤ ቅርፊቱ የመሬት ቅርፊት፣ ነጩ ማንትል፣ አስኳሉ እምብርት። እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት። በሁለት ነገር ይሳሳታል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ።

ትንሹ ስሕተት ውፍረቱ ነው። ከመሬት ወለል እስከ መሐሏ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። አህጉራት ያሉበት ቅርፊት በአማካይ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከውቅያኖስ ሥር ያለው 7 ገደማ ብቻ ነው። መሬትን በዶሮ እንቁላል ልክ ብናሳንሳት፣ የአህጉሩ ቅርፊት ከእንቁላሉ ቅርፊት ግማሽ እንኳ አይሞላም። የውቅያኖሱማ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል።

ትልቁ ስሕተት ከሥር ያለው ፈሳሽ መስሎ መታሰቡ ነው። ብዙ ሰው የምንኖረው በቀለጠ ድንጋይ ላይ በተንሳፈፈ ቅርፊት ላይ ይመስለዋል። ማንትል ግን ድንጋይ ነው፤ ጠጣር። የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚልካቸው ሞገዶች መካከል በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ የማይችሉ አሉ፤ በማንትል ውስጥ ግን ያልፋሉ። እርግጥ ያ ድንጋይ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በጣም በዝግታ ይፈስሳል። እንጂ ማንኪያ የሚሰምጥበት ነገር አይደለም።

እንዲያ ከሆነ ላዩም ድንጋይ፣ ሥሩም ድንጋይ። ቅርፊቱ የት ነው የሚያልቀው? ይህን የለየው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች የሚባል ክሮኤሽያዊ ነው። በ1909 ጥቅምት ወር ከዛግሬብ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ መሬት ተንቀጠቀጠች። በየጣቢያው የተመዘገበውን ሰብስቦ ሲያይ፣ ራቅ ያሉ ጣቢያዎች አንዱን ሞገድ ሁለት ጊዜ ተቀብለውታል፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ። እንዴት?

አዲስ አበባን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነው። ከጎረቤት ሰፈር ለመድረስ በመሐል ከተማ መሄድ ይሻላል። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ከሆነ ግን ቀለበት መንገድ የወጣው ይቀድማል፤ መንገዱ ቢረዝምም ፍጥነት አለው። ሞሆሮቪቺች ከምድር በታች አንድ ቀለበት መንገድ እንዳለ ተረዳ፤ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ በድንገት የሚፈጥንበት። ለዚያ አካባቢ ጥልቀቱን 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ አሰላው። ዛሬ ያ ድንበር በስሙ «ሞሆ» ይባላል፤ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ የመሬት ቅርፊት ነው። ከሱ በታች ያለው ድንጋይ ይከብዳል፣ ይዘቱም ሌላ ነው፤ አረንጓዴ ማዕድን ይበዛበታል። ለማየት መቆፈር አያስፈልግም፤ እሳተ ገሞራ አንዳንዴ ቁራጩን ነክሶ ይወጣል። ቦረና ውስጥ በሜጋ፣ ጎጃም ውስጥ በእንጅባራ አካባቢ በጥቁር ድንጋይ ሆድ ውስጥ እንዲህ ያሉ አረንጓዴ የማንትል ቁራጮች ይገኛሉ፤ ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈውባቸዋል።

በቁፋሮ የሞከሩም አሉ። ሶቪየቶች ኮላ በሚባለው የሰሜን ልሳነ ምድር በ1970 ጀምረው 1989 ላይ 12,262 ሜትር ደረሱ። ጉድጓዱ አፉ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ታች ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆነና ሥራው ተቋረጠ። ይህን ሁሉ ደክመው የቅርፊቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የወጉት።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ እንያዘው። ይቀረፋል ወይ? ስሙን ብንከተል ቅርፊቱ ሞሆ ላይ መላቀቅ ነበረበት፣ ልጥ ካምቢየም ላይ እንደሚላቀቀው። ግን እዚያ አይላቀቅም። ቅርፊቱ ከሥሩ ካለው የማንትል ክፍል ጋር እንደ ጥር ልጥ ሙጭጭ ብሎ ተጣብቋል፤ አንድ ላይ ይሄዳሉ። የሚያዳልጠው ቦታ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፤ በብዙ ቦታ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይርቃል። አህጉራትን ተሸክመው የሚንቀሳቀሱት ሰሌዳዎች ቅርፊት ብቻ አይደሉም፤ ቅርፊትና የማንትል አናት ተጣብቀው ነው። ስለዚህ «የመሬት ቅርፊት» የሚለው ስም በይዘት ትክክል ነው፣ በግሱ ግን አይሄድም። ከዛፍ የተበደርነው ቃል ድንጋይ ላይ ሲደርስ መቅረፍ አቃተው። መማሪያ መጻሕፍት ይህቺን ቢጨምሩ ደስ ባለኝ፤ ብዙ ተማሪ ሰሌዳና ቅርፊት አንድ ይመስሉታል፣ ጥፋቱም የተማሪው አይደለም።

በኛው አገር ቅርፊቱ አይቀረፍ እንጂ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃልም። ደጋው ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ወደ አፋር ሲወርዱ 25 ገደማ ይሆናል፤ ሰሜን ዳናኪል ላይ 15 ገደማ ብቻ ይቀራል። በኛ አቆጣጠር በ1998 መስከረም ላይ አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ ከሥር ገብቶ ምድሪቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ገፍቶ አራራቃት። በኛው በ2017 ዓመተ ምሕረት ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አልጋ ሲያወዛውዝ የሰማችሁትም የዚሁ የስምጥ ሸለቆ ሥራ ነው።

ኤርታ አሌ ላይ ደግሞ ቅርፊት ሲወለድ በዓይን ታይቷል። እዚያ የነበረው የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ፊቱ ላይ አየር ሲነካው ይጠቁር ነበር፤ የቀዘቀዘ ሽሮ ፊቱ ላይ እንደሚረጋው። ጥቁሩ ይሰነጠቅ፣ በስንጥቁ ቀይ ብርሃን ይታይ፣ ቁራጮቹ እየተገፋፉ ሄደው ከዳር ይሰምጡ ነበር። ሰሌዳዎች በሚሊዮን ዓመታት የሚሠሩት ነገር በደቂቃዎች። እዚያ ከሥር የነበረው በእርግጥ ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ የእንቁላሉ ምሳሌ ከሁሉ የሚስማማው ለኤርታ አሌ ሳይሆን አይቀርም።

ከኤርታ አሌ ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳናኪል ሜዳ ላይ ግን የልጅቷ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አለው። የጨው ቅርፊት አለ፤ ነጭ፣ እስከ አድማስ የተዘረጋ። ሠራተኞቹ በመጥረቢያ መስመር ይሰነጥቁበታል፤ ከዚያ በስንጥቁ ረጃጅም እንጨቶች ያስገቡና ተደርድረው ባንድ ላይ ይጫናሉ። ጨውየው ቋ ብሎ ከሥሩ ይላቀቃል፣ ሰፊ ሰሌዳ ሆኖ ይነሣል። ሌሎች ቁጢጥ ብለው እየጠረቡ አራት ማዕዘን ያደርጉታል፤ ያ ነው አሞሌ፤ አንድ ዘመን ገንዘባችን የነበረው። ለዘመናት በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ በራህሌ ሲወጣ ኖሯል።

እሑድ ልጅቷ ስትመጣ ይህንን ነገርኳት። የመሬት ቅርፊት አይቀረፍም፤ በመሬት ላይ ያለ የጨው ቅርፊት ግን ይቀረፋል፣ የሚቀርፉትም የአፋርና የትግራይ ሰዎች ናቸው አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ እንደ አባባ ግራር አይደርቅም?» አለች። ታሪኩን እናቷ ነግራታለች ማለት ነው።

አይደርቅም። ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ጨው ይሟሟል። ዝናቡ ሲያቆም ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፤ በተላጠው ቦታ ላይ አዲስ ቅርፊት ይረጋል።

(የመዝጊያ ዜማ)